ስኳድራና መሮ፦ ስለ አንድ የአናጺ መሣሪያ ስያሜና ስለ «ቀጥ ያለ» ሦስት ፍችዎች

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ትርጉም ብዙውን ጊዜ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ይጀምራል፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይም ያበቃል። ቃሉ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ይመጣል፤ ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ አቻ የመሰለውን ይመርጣል፤ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አስተያየት ግን የመሣሪያ ስም መመረጥ ያለበት መሣሪያው በባለሙያው እጅ ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚሠራ ከታየ በኋላ ነው የሚል ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው አናጺዎች ስኳድራ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚመረመረውም በአንድ ውስን ተግባሩ፣ ማለትም መሮ ወደ እንጨት ሲገባ አቅጣጫውን በማስጠበቅ ሥራው ነው።

ምሳሌው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ለአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የተዘጋጀ የእንጨት ሥራ መምሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድተረጉም ተጠይቄ ነበር። በመምሪያው ውስጥ ቀዳዳ ስለ መፈልፈል የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ሠራተኛው ትንሹን «ስኩዌር» ከመሮው አጠገብ በእንጨቱ ላይ አቁሞ፣ መሮውን ከእርሱ ጋር እያስተያየ ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ያዝዛል። «ስኩዌር» የሚለውን ቃል ከጂኦሜትሪ ትምህርት በማውቀው ፍቺ ተረድቼ «ትንሹን አራት ማዕዘን ከመሮው አጠገብ አቁም» ብዬ ተረጎምሁት። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አልነበረውም፤ አርታኢውም አላረመውም፤ መምሪያውም ተባዝቶ ለሠልጣኞች ተሰጠ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማሠልጠኛውን ስጎበኝ በየሥራ ጠረጴዛው ላይ ከጥድ የተቆረጠች፣ ጎኗ አንድ ስንዝር የማይሞላ አራት ማዕዘን ጣውላ ተቀምጣ አየሁ። ምን እንደሆነች ብጠይቅ ሠልጣኞቹ «መጽሐፉ ያዘዘው አራት ማዕዘን ነው» አሉኝ። መምሪያውን አምነው የሌለ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ስሕተቱ ቶሎ እንዳይነቃበት ያደረገውም አራት ማዕዘን ጣውላ በማዕዘኑ በኩል 90 ዲግሪ ሊኖረው ስለሚችል ግማሽ ያህል የሚሠራ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ጣውላዎቹ በእጅ መጋዝ የተቆረጡና ከምንም ጋር ያልተመሳከሩ ስለነበሩ አንዱ ከሌላው ይለያይ ነበር። በዚያ ክፍል የተሠሩት በርጩማዎች ወለል ላይ ሲቀመጡ በሦስት እግር ቆመው አራተኛውን ያነሡ ነበር። በዚያው ሳምንት ክፍሉን የተረከቡት መምህር፣ ዕድሜ ጠገብ አናጺ፣ ከሽርጣቸው ኪስ ትንሽ ስኳድራ አውጥተው «ዶክተር፣ የጻፉት ይህችን ከሆነ በስሟ ለምን አልጠሯትም?» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

2. መሣሪያው በሥራ ላይ

ስያሜውን ከመመዘን በፊት ሥራውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። በርጩማ፣ ወንበር፣ አልጋ፣ የበርና የመስኮት ክፈፍ ጸንተው የሚቆሙት በምስማር ብቻ አይደለም። ደኅና አናጺ የአንዱን እንጨት ጫፍ በመጋዝ አሳንሶ እንደ ምላስ ያወጣዋል፤ በሌላው እንጨት ላይ ምላሱን የሚቀበል ቀዳዳ በመሮ ይፈለፍላል። ምላሱ ከቀዳዳው ገብቶ በኮላ ሲጣበቅ ሁለቱ እንጨቶች እንደ አንድ ይሆናሉ። የግጥሙ ጥንካሬ የሚገኘው የምላሱ ጎንና የቀዳዳው ግድግዳ ከአፍ እስከ ግርጌ ሲነካኩ ነው። ግድግዳው ካዘመመ ግን ወይ ምላሱ በአፉ ላይ ብቻ ይነካና ውስጡ ክፍት ይቀራል፤ ወይም ምላሱ የግድግዳውን ዝንባሌ ተከትሎ ይገባና ዕቃውን በሙሉ ያጣምመዋል።

ዝንባሌው በዓይን የማይለይ ቢሆንም ውጤቱ ይታያል። መሮው ከተገቢው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ቢያዘም፣ 40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለው ቀዳዳ ግርጌ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ስሕተት ይፈጠራል። ያው የ1 ዲግሪ ዝንባሌ 450 ሚሊ ሜትር ርዝመት ወዳለው የበርጩማ እግር ቢተላለፍ የእግሩ ጫፍ ከቦታው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከላይ የተጠቀሱት በርጩማዎች አራተኛ እግራቸውን ያነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

መሮ የሚያዘመው በሠራተኛው እጅ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ቅርጹም ያስገድደዋል። የእንጨት መሮ በአንድ ወገን ልሙጥ ጀርባ፣ በሌላው ወገን ወደ ስለቱ የሚወርድ ዘመም ገጽ አለው፤ ዘመሙም ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሆኖ ይሳላል። መሮው በመዶሻ ሲመታ ዘመሙ ገጽ እንደ ሽብልቅ ሆኖ በፊቱ ያለውን እንጨት ይጨፈልቃል፤ እንጨቱም በአጸፋው መሮውን ወደ ጀርባው ይገፋዋል። ስለዚህ ስለቱን ገና ከመጀመሪያው በመስመሩ ላይ አስቀምጦ በኃይል የሚመታ ሠራተኛ መሮው መስመሩን አልፎ ሊነካ ወደማይገባው እንጨት ሲገባ ያያል። ልምድ ያላቸው አናጺዎች ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትተው ትርፉን በመዶሻ ያወጣሉ፤ በመስመሩ ላይ የምትቀረውን ስስ ፍቅፋቂ ግን በእጃቸው ግፊት ብቻ ያነሷታል። ቀዳዳው እንጨቱን በስቶ የሚያልፍ ከሆነም ግማሹን ከአንደኛው ገጽ፣ ግማሹን ከተቃራኒው ገጽ ይፈለፍላሉ። እንዲህ ሲደረግ ጥቂት ስሕተት ቢኖር በመካከል ይደበቃል፤ የእንጨቱም ገጽ በስተመጨረሻ አይፈነጠርም።

ትንሹ ስኳድራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በዚህች የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። መሣሪያው በ90 ዲግሪ የተጋጠሙ ሁለት ክንዶች አሉት፤ አንደኛው ወፍራም፣ ሁለተኛው ስስ ነው። አናጺው ወፍራሙን ክንድ በእንጨቱ ገጽ ላይ ያሳርፋል፤ ስሱ ክንድ ወደ ላይ ይቆማል። ከዚያም የመሮውን ልሙጥ ጀርባ ወደ ስሱ ክንድ አቅርቦ በመካከላቸው የሚታየውን የብርሃን ክፍተት ይመለከታል። ክፍተቱ ከታች እስከ ላይ እኩል ከሆነ መሮው በሚገባ ቆሟል፤ ወደ ላይ እየሰፋ ወይም እየጠበበ ከሄደ አዝሟል። ቀጥሎ ስኳድራውን ወደ መሮው ጎን አዙሮ ያንኑ ይደግማል፤ መሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀኝና ወደ ግራም ያዘማልና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመረመር የሚታመነው ጀርባው ብቻ ነው፤ የብዙ መሮዎች ብረት ወደ ስለቱ እየሳሳ ስለሚሄድ የፊቱን ገጽ ያመነ ይሳሳታል።

የመሣሪያው ትንሽነትም ከሥራው የመጣ ነው። ስሱ ክንዱ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኳድራ ከመሮው ብረት ጋር ይመጣጠናል፤ በጠባብ እንጨት ላይ ይቆማል፤ እጅንም መዶሻንም አያውክም። ቀዳዳው ከተፈለፈለ በኋላም ይኸው መሣሪያ ይገለበጥና ወፍራሙ ክንድ በእንጨቱ ገጽ ላይ ሲያርፍ ስሱ ክንድ ወደ ቀዳዳው ወርዶ ግድግዳውን ይፈትናል። አናጺዎች ይህንን ትንሹን ከትልቁ የሚለዩት «ትንሽ» በሚለው ቅጽል ብቻ ሳይሆን በአንስታይ ጾታም ጭምር ነው፤ ትልቁ «ስኳድራው» ሲባል ትንሿ «ስኳድራዋ» ትባላለች። በአማርኛ አንስታይ ጾታ ለማሳነስ እንደሚያገለግል የታወቀ ሲሆን በሙያ ትርጉም ውስጥ ግን ተርጓሚዎች የሚጠቀሙበት ከስንት አንዴ ነው።

እዚህ ላይ ለተርጓሚው የሚጠቅም ሌላም ልዩነት አለ። ስኳድራው መሮውን ይመራል ቢባልም አይደግፈውም፤ አይገፋውም፤ እንደ ሐዲድም ይዞት አይሄድም። የሚመራው የሠራተኛውን ዓይን ነው። መሮውን በስኳድራው ላይ የሚያስደግፍ ሠራተኛ መሣሪያውን ከቦታው ይገፋዋል፤ ስሱንም ክንድ በስለት ይጎዳዋል። ስለሆነም በትርጉም ውስጥ «ማስደገፍ» ሳይሆን «ማስተያየት» ወይም «ማመሳከር» መባል ይገባዋል። ግሥ የተመረጠው ከመዝገበ ቃላት ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር።

3. «ቀጥ ያለ» ስንት ነው?

በዚያው ክፍል ውስጥ ሁለተኛ የትርጉም ጉድለትም ተገኝቷል፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይረቃል። «መሮውን ቀጥ አድርገህ ያዝ» የሚለውን ቃሌን አንድ ሠልጣኝ በሌላ መንገድ ተረድቶት ነበር። ወጣቱ ከዚያ በፊት ከግንበኞች ጋር የሠራ ነው። ለግንበኛ ቀጥ ያለ ማለት በቱንቢ የተረጋገጠ ማለት ስለሆነ መሮውን ከበሩ መቃን ጋር እያስተያየ ያቆመው ነበር። ይሁን እንጂ የሥራ ጠረጴዛው የቆመበት ወለል ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር። በዚህ ምክንያት መሮው ከምድር አንጻር ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ከእንጨቱ ገጽ አንጻር ግን አዝሞ ነበር። ወጣቱ አልተሳሳተም፤ ጉድለቱ በቃሉ ላይ ነው።

«ቀጥ ያለ» የሚለው አማርኛ ቢያንስ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድነት ይሸከማል።

ሀ) ያልጎበጠ፣ ያልተጣመመ። ይህ የአንድ ነገር የራሱ ጠባይ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ማነጻጸርን አይጠይቅም። የሚፈተነው በማስመሪያ ወይም በተወጠረ ገመድ ነው።

ለ) ከምድር ስበት አቅጣጫ ጋር የተስማማ። ይህ አንድ ነገር ከምድር ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የሚፈተነው በቱንቢ ሲሆን አግድሙ አቻው በውሃ ልክ ይፈተናል።

ሐ) ከአንድ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ የሆነ። ይህ ሁለት ገጾች ወይም ሁለት መስመሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ነው፤ ምድር በየትም ብታዘነብል አይለወጥም። የሚፈተነው በስኳድራ ነው።

እንግዲህ «መሮው ቀጥ ያለ ነው» ቢባል ብረቱ አልጎበጠም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በቱንቢ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከእንጨቱ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። በዕለት ንግግር ይህ አሻሚነት አይጎዳም፤ ሰሚው ነገሩን ከሁኔታው ይረዳዋል። በመምሪያ ውስጥ ግን አንባቢው ብቻውን ነው።

በሥራው ቦታ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ችግር ከእኛ ቀድመው ፈትተውታል። ሦስቱን ጽንሰ ሐሳቦች የሚለዩት በመሣሪያዎቹ ስሞች ነው፤ «በቱንቢ ነው»፣ «በውሃ ልክ ነው»፣ «በስኳድራ ነው» ይላሉ። የመሣሪያው ስም በመሣሪያው የሚረጋገጠውን ጠባይ ወደ መሰየም ተሸጋግሯል ማለት ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ውስጥ ቱንቢ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ሕዝብም የሚፈተንበት ሆኖ ይገኛል። ቃሉ ከግንበኛ ገመድ ወደ ፍርድ ምሳሌነት ሲሸጋገር ያስቸገረው አንባቢ የለም።

በትምህርት ቤት የሂሳብ ቋንቋ ለሦስተኛው ጽንሰ ሐሳብ «ቀጤ ነክ» የሚል ስያሜ አለ። ስያሜው ትክክለኛና አጭር ነው፤ በጂኦሜትሪ ጽሑፍ ውስጥ የሚተካው አያስፈልግም። በሥራ መምሪያ ውስጥ ግን «መሮውን ለገጹ ቀጤ ነክ አድርገህ ያዝ» የሚለው ትእዛዝ ምን እንደሚፈለግ እንጂ በምን እንደሚረጋገጥ አይናገርም። «መሮውን በስኳድራ አቁም» የሚለው ሁለቱንም ይናገራል። ሁለቱ ስያሜዎች የሚወዳደሩ ሳይሆኑ የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ናቸው።

4. የቃሉ ጉዞ

የመጀመሪያው ስሕተት ምንጭ የእንግሊዝኛው ቃል ብዙ ፍቺ ያለው መሆኑ ነው። «ስኩዌር» እኩል ጎኖች ያሉት አራት ማዕዘን ነው፤ የስፋት መለኪያ ነው፤ የከተማ ክፍት ቦታ ነው፤ የአናጺም መሣሪያ ነው። አማርኛ እነዚህን አራት ፍችዎች ለአራት ቃላት አከፋፍሏል። ቅርጹን አራት ማዕዘን፣ ስፋቱን ካሬ፣ ክፍት ቦታውን አደባባይ፣ መሣሪያውን ስኳድራ ይላል። በዚህ ነጥብ ላይ የአማርኛው ክፍፍል ከእንግሊዝኛው ይልቅ የጠራ ነው። ተርጓሚው የቃሉን የመጀመሪያ ፍቺ ይዞ ሲሮጥ ይህን ጥራት ያባክናል።

ስኳድራ ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ነው። የጣሊያንኛው ቃልና የእንግሊዝኛው «ስኩዌር»፣ እንዲሁም ለዚሁ መሣሪያ የሚያገለግለው የፈረንሳይኛው «ኤኬር»፣ ከአንድ የላቲን ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ የሥሩም ፍቺ ከአራት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያንኛ «ስኳድራ» ቡድን ወይም የሠራዊት ክፍል ማለትም ነው፤ ይህም ፍቺ በአራት ማዕዘን ከተሰለፈ ጦር የመጣ ነው። አማርኛ ቃሉን ሲዋስ መሣሪያውን ብቻ ወስዶ ቡድኑን ትቶታል። የውሰት ቃል በተቀባዩ ቋንቋ ውስጥ ፍቺው የሚጠብብ መሆኑን ይህ በሚገባ ያሳያል።

መሣሪያ ለሐሳብ ስም መስጠቱ በአውሮፓ የጥንት ቋንቋዎችም ይታያል። ላቲን ለአናጺ ስኳድራ «ኖርማ» ይል ነበር። ከዚህ የወጣው «ኖርማል» የሚለው ቃል በሂሳብ ለአንድ ገጽ ቀጤ ነክ የሆነ መስመር ማለት ነው፤ በተራው ንግግር ደግሞ ደንበኛ፣ የተለመደ ማለት ሆኗል። ከዚያው ሥር የወጣው «ኢኖርመስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ እጅግ ግዙፍ ማለት ሲሆን የቀድሞ ፍቺው ከኖርማው የወጣ፣ ከደንቡ ያፈነገጠ የሚል ነበር። የግሪኩ «ካኖን» ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ ነበረ፤ በኋላ ደንብና ሥርዐት ማለት ሆነ። ይህኛው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በግእዝ በኩል ቀኖና ሆኖ ወደ አማርኛ ደርሷል። ዛሬ ቀኖና ተቀበለ የተባለ ሰው በቃሉ መነሻ ላይ የመለኪያ ዘንግ እንዳለ አያስብም።

ከአማርኛ ከራሱ ሥር የወጣ ተመሳሳይ አካሄድም አለ፤ እርሱም «ልክ» የሚለው ቃል ነው። ልክ መጠን ነው፤ ነገር ግን «ልክ ነህ» ስንል እውነት ተናገርህ ማለታችን ነው፤ «ልኩን ያውቃል» ስንል ሥነ ምግባሩን፣ «ከልክ አለፈ» ስንል ማፈንገጡን እንናገራለን። ላቲን በኖርማ ያደረገውን አማርኛ በልክ አድርጎታል። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ስያሜዎችን ስንመዝን ያገለግለናል።

5. እጩ ስያሜዎች

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በሕዝቡ አፍ ያለውን የአማርኛ ቃል መፈለግ፣ ቀጥሎ ግእዝንና ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን መመልከት፣ በመጨረሻ ወደ ውሰት መሄድ ነው። በዚህ መሠረት አምስት እጩዎች ይመዘናሉ።

«አራት ማዕዘን» የቅርጽ ስም ነው። መሣሪያው ግን አራት ማዕዘን የለውም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። የደረሰው ጉዳት ከላይ ስለተገለጠ ተጨማሪ ሐተታ አያሻም።

«ማዕዘን መለኪያ» በመጀመሪያ እይታ ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን መለኪያ የሚባለው ያልታወቀን መጠን በቁጥር የሚናገር ነው። ስኳድራ ዲግሪ አይቆጥርም፤ አንዲት የታወቀች ዘዌ ይዞ «ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ስያሜ ዲግሪ ለተጻፈበት የተማሪዎች መሣሪያ ቢቀር ይሻላል።

«ማዕዘን» ብቻውን እንዳይሆን የሚያግደው የተያዘ መሆኑ ነው። ጀርመንኛ «ቪንከል» በሚለው አንድ ቃል ማዕዘንንም መሣሪያውንም ይጠራል። በአማርኛ ግን ማዕዘን የቤትም፣ የጠረጴዛም፣ የድንጋይም ስለሆነ «ማዕዘኑን በማዕዘኑ ላይ አቁም» የሚል ትእዛዝ ሊያስከትል ይችላል።

«ማዕዘን ልክ» በ«ውሃ ልክ» አምሳል የተቀረጸ የራሴ ሙከራ ነው። ከአማርኛ የወጣ፣ ፍቺው ከቃሉ የሚነበብ፣ መለካትን ሳይሆን ልክነትን የሚናገር ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ ሲታይ የሚጣልበት እንከን አልነበረም። ቃሉን ይዤ ወደ እኒያው አናጺ ሄድሁ። «ማዕዘን ልክ ያቀብሉኝ ብልዎት ምን ይሰጡኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና ስኳድራውን አነሡልኝ። ደስ ብሎኝ ሳለ «ገብቶኛል ዶክተር፤ ግን ልጆቹ ከዚህ ወጥተው ሥራ ሲቀጠሩ ጌታቸው ስኳድራ አምጣ ቢላቸው ምን ሊያመጡ ነው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

አምስተኛው እጩ እንግዲህ «ስኳድራ» ነው። በድምፅ ረገድ አማርኛ ለቃሉ ቤት አዘጋጅቶ የቆየው ነው፤ «ኳ» በፊደላችን አንድ ራሱን የቻለ ድምፅ ሲሆን በቃሉ መጀመሪያ የተገናኙትን ተነባቢዎች ሳድስ አናባቢ ያላቅቃቸዋል። በሰዋስው ረገድ ስኳድራው፣ ስኳድራዋ፣ ስኳድራዎች፣ ባለስኳድራ እየተባለ ያለ ችግር ይረባል። በዘመድም ብቸኛ አይደለም፤ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኮላና ኮምፔርሳቶ ከዚያው ቋንቋ የመጡ የአንድ ዎርክሾፕ ጎረቤቶቹ ናቸው።

በውሰቱ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር ተያይዘው የሚነሡ ናቸው፤ በአማርኛ መተካት የቋንቋ ክብር ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። ስሜቱ የሚከበር ነው። ይሁን እንጂ ከወረራው በኋላ በነበሩት ትውልዶች ሁሉ ቃሉን ይዘው ቤት የሠሩት፣ በር የገጠሙት፣ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት የአገሩ አናጺዎች ናቸው። ለመሮ፣ ለመጋዝ፣ ለመላጊያና ለመሰርሰሪያ የራሳቸውን ቃል ይዘው ለስኳድራ የተዋሱትን ቃል ሲያጸድቁ መርጠው እንጂ አጥተው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ነባር ስም ያለው መሣሪያ ነባር ስሙን ይጠብቃል፤ አዲስ የሥራ ዕውቀት ይዞ የመጣ ደግሞ ስሙን ይዞ ይገባል። መላጊያ «ላገ» ከሚለው፣ መሰርሰሪያ «ሰረሰረ» ከሚለው ግሥ እንደወጡ፣ የስኳድራ ተግባር የራሱ ግሥ ስላልነበረው በአገሩ የመሣሪያ ስም አወጣጥ የሚቀረጽለት ሥር አልተገኘም።

ስለሆነም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ዋናው ቃል «ስኳድራ» ይሁን፤ «ማዕዘን ልክ» በፍቺው ውስጥ እንደ ማብራሪያ ይግባ። ሕዝቡ ከወደደው ወደፊት ራሱ ያነሣዋል።

6. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ፍችዎች

ከላይ የተገለጠውን መሠረት በማድረግ የሚከተሉት ፍችዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ስኳድራ (ስም)፦ በ90 ዲግሪ የተጋጠሙ ሁለት ክንዶች ያሉት፣ ሁለት ገጾች ወይም መስመሮች እርስ በርሳቸው 90 ዲግሪ መሆናቸውን ማረጋገጫና መስመር ማስመሪያ መሣሪያ፤ ማዕዘን ልክ። ትንሹ ዐይነት የመሮን አቋቋም ለማስተያየትና የተፈለፈለ ቀዳዳን ግድግዳ ለመፈተን ያገለግላል።

ወፍራም ክንድ (ሐረግ)፦ በሥራው ገጽ ላይ የሚያርፈው ወይም ከጠርዙ ጋር የሚገጥመው የስኳድራ ክፍል።

ስስ ክንድ (ሐረግ)፦ ከወፍራሙ ክንድ የሚወጣው፣ የሚመሳከረው ነገር የሚቀርብበት የስኳድራ ክፍል።

መሮ (ስም)፦ እንጨት ወይም ድንጋይ መፈልፈያና መጥረቢያ፣ ጫፉ ስለታም የሆነ የብረት መሣሪያ። የእንጨት መሮ እጀታ፣ ልሙጥ ጀርባና ዘመም ገጽ አለው።

ዘመም ገጽ (ሐረግ)፦ ከመሮ ፊት ወደ ስለቱ የሚወርደው፣ በመሳል የሚገኘው ያዘነበለ ገጽ።

በስኳድራ መቆም (ሐረግ)፦ ከአንድ ከታወቀ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ ሆኖ መቆም። በቱንቢ ከመቆም ይለያል፤ ማመሳከሪያው ምድር ሳትሆን ገጹ ነውና።

በዚህ መሠረት ያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ተስተካክሏል፦ «የስኳድራዋን ወፍራም ክንድ ከመሮው አጠገብ በእንጨቱ ገጽ ላይ አሳርፍ፤ የመሮውን ጀርባ ከስሱ ክንድ ጋር አስተያይተህ በስኳድራ አቁመው፤ ከጎንም እንዲሁ አድርግ።» ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ነገር ግን ሠልጣኙ የሌለ መሣሪያ እንዲሠራ አያደርገውም።

7. ማጠቃለያ

አናጺ አዲስ ስኳድራ ሲገዛ ሻጩን አያምንም። ወፍራሙን ክንድ ከጣውላው ቀጥ ያለ ጠርዝ ጋር ያገጥምና በስሱ ክንድ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያም ስኳድራውን ገልብጦ በዚያው ነጥብ ላይ ሁለተኛ መስመር ያሰምራል። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ መሣሪያው እውነተኛ ነው። ከተለያዩ ልዩነቱ የስሕተቱን እጥፍ ያሳያል፤ ስለዚህ ትንሽ ጉድለት እንኳ አይሰወርም።

ለሙያ ቃላት ትርጉምም ይህን የመሰለ ፈተና አለ። የተተረጎመውን ቃል ዋናውን ጽሑፍ ላላየ ባለሙያ ሰጥቶ «ይህን አቀብለኝ» ማለት ነው። የጠየቅነውን መሣሪያ ካነሣ ቃሉ ቆሟል፤ ሌላ ካነሣ ወይም ቆሞ ካሰበ ቃሉ አዝሟል። «ትንሹን አራት ማዕዘን አቀብለኝ» ብዬ ከማሳተሜ በፊት ለአንድ አናጺ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ የአንድ ክፍል ሠልጣኞች ያን ሁሉ እንጨት ባላበላሹ ነበር። ፈተናው የሚወስደው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከእነዚያ የጥድ ጣውላዎች አንዷን መምህሩ ሰጥተውኝ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ትገኛለች። በስኳድራ ሳመሳክራት ከአራቱ ማዕዘኖቿ በስኳድራ የሆነው አንዱ ብቻ ነው።